ባዘዘውና በእግር ጣቱ ያሰረው ክር

ባዘዘው ሰነፍ ነበር ብዬ ብጀምር ሚስቱ ማንጠግቦሽ ከመቃብሯ ተነሥታ ትመርቀኛለች። እኔ አንሙት ግን የአጥር ጎረቤቱ ነበርኩና እንዲህ ያለ ቀላል ስም ልሰጠው አልችልም። ማረሱን ያርሳል፣ ማጨዱን ያጭዳል። ጉዱ በመሀል ነው። በሬዎቹን ላሳርፍ ብሎ ቀንበር ሲያወርድላቸው አጥር ሥር ቁጢጥ ይልና አንዲት ሸረሪት ላይ አፍጥጦ ይቀራል። በሬዎቹ አርፈው፣ ግጠው፣ ውኃ ጠጥተው ጌታቸውን ዘወር ብለው ሲያዩት እሱ ገና እዚያው ነው። እጁስ ሥራ አይፈታም፤ ቃጫ እየፈተለ ገመድ ይገምዳል፣ ገመዱንም ደምበጫ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ዓይኑ ግን የሸረሪቷ ነው።

ማንጠግቦሽ ባሏን በአገራችን ደንብ አንቱ ነበር የምትለው። ስድቧም የሚወርደው በዚያው አክብሮት ነው።

«አንቱ የሸረሪት እረኛ፣ በሬዎ ገብስ ውስጥ ገባልዎ» ትለዋለች ከደጃፏ ሆና።

«መጣሁ፣ መጣሁ፤ አሁን ልትይዘው ነው» ይላል እሱ ሳይነሣ።

አንድ ቀን ማረሻ ልዋስ ብሄድ እኔንም እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ድሩ በአጋሙና በቀጋው መሀል እንደ ሰፌድ ተዘርግቷል። ባለቤቲቱ ቅጠል ሥር ተሸሽጋ አንድ እግሯን ብቻ ክሩ ላይ አሳርፋለች።

«ዓይኗ ደካማ ነው» አለኝ በሹክሹክታ፣ እሷ እንዳትሰማውና እንዳትቀየመው ይመስል። «የምታየው በእግሯ ነው። እይ እንግዲህ።»

ነፋስ መጣና ድሩ ተወዛወዘ፤ ንቅንቅ አላለችም። ደረቅ ቅጠል ወደቀበት፤ ወጣ ብላ ዳሰሰችው፣ ዙሪያውን ክሩን በጥሳ መሬት ጣለችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዝንብ የገባች ጊዜ ግን እንዴት እንደደረሰች እኔም አላየኋት። በኋላ እግሮቿ ክር እየሳበች ዝንቧን እያሽከረከረች ጠቀለለቻት፤ ነከስ አደረገቻትና ፈቀቅ ብላ ቆመች።

«ምነው፣ አትበላም እንዴ?» አልኩት።

«ቆይ እንጂ። እሷ እንዳንተ አታኝክም። መርዙ እስኪሠራ ትጠብቃለች። ከዚያ ከአፏ ውኃ ነገር እየጨመረች ውስጧን ታሟሟዋለች፤ ከሟሟ በኋላ እንደ አጥሚት መጠጣት ነው።»

ያን ቀን ማረሻውን ሳልዋስ ተመለስኩ። ይባስ ብሎ ማታ እራት ቀርበን ሳለ የዝንቧን ቅርፊት በመዳፉ ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። ክንፏም እግሯም አልጎደለም፣ ውስጧ ግን ባዶ ነው፣ እፍ ቢሉት ይበራል። እሱ ሲደነቅ ሚስቴ ከመሶቡ ተነሥታ ሄደች።

ድር የማትሠራዋን ደግሞ ግድግዳ ላይ ያሳየኛል። እንደ ድመት አድብታ፣ እንዳትወድቅ ከኋላዋ አንድ ክር ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ዝንቧ ላይ ትወረወራለች። መሬት ውስጥ ጉድጓዷን በሐር ለብዳ አፉ ላይ የምትጠብቀውንም አሳይቶኛል። ከሁሉ የሚፈራት ግን አንዲት ቀጭን፣ ቢጫማ፣ እዚህ ግባ የማትባል ነበረች። የራሷ ድር የላትም። የሌላዋን ድር ጫፍ በእግሯ ትነካካዋለች፤ የተያዘች ዝንብ የምትንፈራገጥ ታስመስላለች። ባለቤቲቱ ምሳዬ መጣልኝ ብላ ስትወጣ ትነክሳትና ራሷን ምሳ ታደርጋታለች።

«ያቺን ለይታ ያወቀች ሸረሪት እስካሁን አላየሁም» አለኝ ከልቡ አዝኖ። እኔም አዝኜ ነበር፤ የኔ ግን ጦሙን ለሚያድረው ማሳዬ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ከተደላደለ በኋላ በመጣው ክረምት፣ ነሐሴ ሲገባ፣ የማንጠግቦሽ ታናሽ ወንድም እንዳላማው ቆስሎ ቤታቸው መጣ። አርበኛ ነበር። ጭኑን በጥይት ተመትቶ ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡትና አስረክበው ወደ በረሃ ተመለሱ። አርበኛ የሸሸገ ሰው በዚያ ዘመን ቤቱ ይቃጠላል፣ ራሱም ይሰቀላል። የሚሰቅለው ጣሊያን ይሁን እንጂ ደጃፉን የሚያሳየው ባንዳ ነው፤ የኛው ሰው፣ መንገዱንና አጥሩን የሚያውቅ። እኔ ፈራሁ። መፍራቴንም አልደበቅሁም።

ደሙ አልቆም ሲል ማንጠግቦሽ ወደ ባሏ ዞረች።

«ያን ድርዎን ያምጡ እንጂ፣ ምን ይገተራሉ።»

ቁስል በሸረሪት ድር ማሰር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። ችግሩ እሷ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት የቤቱን ድር ሁሉ በመጥረጊያ ጠራርጋ አውጥታዋለች። ባዘዘው ወደ በረቱና ወደ ጎተራው ሥር ሄዶ ሁለት እጁን ሙሉ ጠቅልሎ መጣ። ቁስሉ ላይ ጠቅጥቀው አሰሩት፣ ደሙም ቆመ። እግሩ ግን አልታዘዝ አለ፤ እንዳላማው ያለ ቃሬዛ የትም የሚሄድ አልነበረም።

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከቀያችን ሆኖ ከወንዙ መሻገሪያ የሚወጣን ሰው ከሩቅ መለየት ይቻላል። ነሐሴ ላይ ግን ጉሙ ከጮቄ ተራራ ሲወርድ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፤ ሰው የሚያርስበትን በሬ ጭራ እንጂ ቀንዱን አያይም። ውሻም የለ፤ ባንዶች ከዚያ በፊት በመጡ ጊዜ የመንደሩን ውሻ ሁሉ ተኩሰው ጨርሰውታል። ማንጠግቦሽ በር በሩን እያየች እንቅልፍ አጣች።

ባዘዘው ግን ተቀምጦ ቃጫውን ፈተለ። ቀጭን፣ ጠንካራ ክር አወጣ። መንገዱ በሚጠብበት ቦታ፣ መሻገሪያው አጠገብ፣ ክሩን ከቅልጥም ከፍታ ላይ ወጠረው። ከዚያ በአጥሩ ላይ እያሳለፈ፣ በየባላው እያንተራሰ፣ እስከ ቤቱ አመጣው። በግድግዳው ቀዳዳ አስገብቶ ጫፉን የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ አሰረና ቁጭ አለ።

«እንግዲህ ሥራ ላይ ነኝ» አለ።

ኑሮ ተመቸው። ሚስቱ እንጨት ፍለጡ ስትለው እግሩን ያሳያታል። በረት ጥረጉ ስትለው እግሩን ያሳያታል። በረቱን የጠረግሁለት እኔ ነኝ፤ እግዜር ይይለት። በጭቃው መሀል ተንበርክኬ ስዝቅ በግድግዳው በኩል እሱ፦ «አንሙት፣ አሁን ፍየል አለፈች» ይለኛል።

እውነትም ነበር። ፍየል ክሩን ጎትታ ትሮጣለች። ነፋስ ረዘም ላለ ጊዜ ያንዘረዝረዋል። ሰው ግን ይደናቀፋል፣ ይወድቃል፣ ከዚያ ይሳደባል። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ለቅዳሴ ሲወጡ ተደናቅፈው ጃንጥላቸው ወንዝ ወረደ። «በጾም አፌን አታስከፍቱኝ» ብለው አለፉ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ እኔ ግን ጾም ብዬ አፌን አልያዝኩም። ለጠየቀ ሁሉ የገብስ ሌባ ለመያዝ ነው እንል ነበር። ሰዉም ሳቀ። ባዘዘው እግሩን ከመንገድ ጋር አሰረ እየተባለ ወሬው ከቤት ቤት ዞረ፣ ደምበጫ ገበያ ወርዶ ተሳቀበት። ከሳቁት መሀል ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ጫኔ የሚባል የባንዳ አለቃ፣ የገብስ ሌባ በነሐሴ፣ ገብሱ ገና በማሳ ለምለም ሳለ፣ ምን ይሰርቃል ብሎ አሰበ። ባዘዘው የትኛው ቤት እንደሚኖር አያውቅም። ማወቅም አላስፈለገው፤ ክሩ ይመራዋል።

የመጣ ቀን እኔ እንዳላማውን ልጠይቅ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። እኩለ ቀን ነው፣ ጉሙ በሩ ላይ ቆሟል። ባዘዘው ገመድ ይገምዳል። በድንገት እጁ ቆመ። እግሩን አየሁት፤ አውራ ጣቱ ሳብ፣ ረገብ አለ። ቆየ። ደግሞ ሳብ፣ ረገብ።

ማንጠግቦሽ ከወንድሟ ራስጌ ተነሣች። «ፍየሏ ናት?»

«ፍየል ብትሆን ጎትታ ትሮጥ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሰውም ቢሆን ተደናቅፎ ይወድቅ ነበር። ይኸኛው አልወደቀም። ክሩን አውቆት ነው የሚነካካው።» ፊቱ ዐመድ ለብሷል። «ምን እንደሆነ ለማየት እንድወጣለት ነው የሚፈልገው።»

ያቺ ቢጫማ ሸረሪት ትዝ አለችኝ። ቢወጣ ያዩታል። ባይወጣ ክሩን በእጃቸው እየዳበሱ እግሩ ድረስ ይመጣሉ። ክፉ ቀን ከመጣ እንዳላማውን በቃሬዛ አንሥተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ልናሸሸው ተማክረን ነበር። ቃሬዛው ሁለት ወንድ ይፈልጋል። እኔ በራስጌ በኩል ያዝኩ። ባዘዘው ግን ማጭድ አንሥቶ ክሩን ከእግሩ ሥር ቆረጠና፣ ጫፉን እንደወጠረ ይዞ፣ ለማናችንም ሳይነግረን ወጣ። ጉሙ ዋጠው።

«ጥሎን ሄደ» አለች ማንጠግቦሽ። አንቱታው እንኳ ጠፋት።

እኔና እሷ ልናነሣው ሞከርን። እንዳላማው እንደ ግንድ ከባድ ሰው ነው፤ ቃሬዛው ከመሬት አልተላቀቀም።

«እኔን ተዉኝና እናንተ ውጡ» አለ። «ጠመንጃዬን ብቻ አቀብሉኝ።»

አቀበለችውና አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ባዘዘውን ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት።

ሲመለስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ክሩን ከአጥሩ ላይ እያላቀቀ ከቤቱ በታች ወዳለው ረግረግ ወስዶታል። ያ ረግረግ ላም ሲገባበት መንደሩ ሁሉ ወጥቶ በጠፍር የሚጎትትበት ነው። እሱ ግን ልጅነቱን እዚያ የውኃ ሸረሪት ሲያይ ስለጨረሰ የሚረገጠውን የሣር ግቻ ከማይረገጠው ለይቶ ያውቃል። መሀል ገብቶ ጫፉን አንዱ ግቻ ላይ አስሮታል። ከማሰሩ በፊትም እሱ በተራው ክሩን ሳብ ሳብ አድርጎ መልስ ሰጥቷቸዋል።

«ክሩን ይዘው እየመጡ ነው። አንሣ» አለኝ።

አነሣን። ደጃፉን እንደተሻገርን ከታች ጩኸቱ ጀመረ። መጀመሪያ የጫኔ ስድብ ነበር፤ ደምበጫ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ነው። ከዚያ ውኃ ሲንቦጫረቅ፣ ሰው ሲጎተት፣ ጫማዬ ጫማዬ ሲባል። ሁለት ሰዎች ወጥተው ወደ መሻገሪያው ሲሮጡ ሰማን። ከሳቅ ብዛት ቃሬዛውን ልጥለው ነበር። አንዱ ድምፅ ግን እዚያው ቀረ።

«ድረሱልኝ። ጫኔ፣ ትተኸኝ አትሂድ። ኧረ የወገን ያለህ።»

ባዘዘው ቆመ።

«ሂድ እንጂ» አልኩት።

«እየሰመጠ ነው።»

«ይስመጣ። ለዚህ አይደል ክሩን ያሰርከው?»

እሱ ግን የቃሬዛውን እግርጌ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ፤ እንዳላማው ጥርሱን ነከሰ። ከግድግዳው ላይ ጠፍር አወረደና ሮጠ። ተከተልኩት፤ ልረዳው ሳይሆን አንቄ ልመልሰው ነበር።

ሰውዬው እስከ ደረቱ ጭቃ ውስጥ ነው። የያዘው ክር የእጁ አንጓ ላይ ተጠምጥሟል፤ በተንፈራገጠ ቁጥር ይወርዳል። አስማማው እባላለሁ፣ የቁይ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሉኝ ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«አንተ ሸረሪት አዋቂ» አልኩት ባዘዘውን፣ «የትኛዋ ሸረሪት ናት የያዘችውን ዝንብ ጎትታ ስታወጣ ያየኸው?»

«አንዷንም አላየሁም» አለ ጠፍሩን እየወረወረ። «እሷ ትበላዋለች። እኔ ምን ላደርገው ነው?»

ይህ ንግግሩ ባሰብኩት ቁጥር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የጠፍሩን ጫፍ ይዤ ጎተትኩ። ስጎትት ባንዳውንም፣ ባዘዘውንም፣ ጭቃውንም እየተሳደብኩ ነበር።

አስማማው ወጥቶ ዳር ላይ ተዘረጋ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። አንጓው ላይ የቀረውን ክር አየ፣ ከዚያ የባዘዘውን እግር አየ። ሲቆርጠው በጥድፊያ ነበርና ቁራጩ ከነቋጠሮው አሁንም ጣቱ ላይ ነው። የክሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ገባው።

ባዘዘው ብብቱን ይዞ አነሣውና ወደ ቤት ይወስደው ጀመር።

«እንዳላማው እኮ ገና እዚያው ነው» አልኩት በጆሮው።

«አውቃለሁ። ይኸኛው ደግሞ እሳት ካላገኘ ይሞታል።»

ይህን ጊዜ ማንጠግቦሽ ወንድሟን ከነቃሬዛው ጎትታ ወደ ውስጥ መልሳዋለች፤ በምን ጉልበት እንደጎተተችው እግዜር ይወቅ። ስንገባ እንዳላማው ጠመንጃውን ደረቱ ላይ አጋድሞ አፈሙዙን ወደ በሩ አድርጎታል። ማንጠግቦሽ የባንዳ ልብሱን አየች፣ ባሏን አየች። ስድቡን ጠበቅሁት። እሷ ግን ጋቢዋን አውልቃ ለሰውዬው ደረበችለትና ጀርባዋን ለአፈሙዙ ሰጥታ ፊቱ ቆመች። የቆሎ ሳህን አንሥታ አቀረበችለት። ፍልሰታ መሆኑንና ጾም ገና አለመፈታቱን ያነሣ አልነበረም።

«ይቀመጡ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ ይበሉ» አለችው።

አስማማው ቆሎ ዘገነ። እያኘከ የእንዳላማውን የታሰረ ጭን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ወደ እሳቱ ተመለከተ።

ያኔ ከመሻገሪያው በኩል የጫኔ ጩኸት መጣ። «አስማማው። አለህ ወይ? ምን አገኘህ?»

የእንዳላማው ጣት ወደ ቃታው ሄደ። ቢተኩስ ሰዎቹ ቤቱን ያውቁታል፤ ባይተኩስ ሰውዬው ይነግራቸዋል። ባዘዘው ሰውዬውን ብቻ ያያል። እኔ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

አስማማው ቆሎውን ዋጠ። ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመና እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ ወደ ጉሙ ጮኸ።

«ረግረግ ነው። ሰውም የለ፣ ቤትም የለ። ወዲህ እንዳትጠጉ፣ ትሰምጣላችሁ። እኔ በላይ በኩል ዞሬ እመጣለሁ።»

እንዳላማውን ማታውኑ፣ ጉሙ ሳይነሣ፣ ወደ ሌላ መንደር አሻገርነው፤ ድኖም ወደ ጓደኞቹ ተመልሷል። ከዚያ ቀን ግን ከሁሉ ይበልጥ ዓይኔ ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነው። አስማማው ከጮኸ በኋላ ወዲያው አልሄደም። ተመልሶ ተቀመጠና እጁን ወደ ሳህኑ ዘረጋ። ማንጠግቦሽ ስትጨምርለት ግማሹ ቆሎ ዐመዱ ውስጥ ፈሰሰ። «ይብሉ፣ ይብሉ» እያለች ታለቅሳለች። ባዘዘው ተንበርክኮ ቆሎውን ከዐመዱ ውስጥ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ እፍ እያለ ሰውዬው መዳፍ ላይ ያስቀምጥለታል።